ቀድሞ የሚሞተው ሳጥኑ ነው፦ ስለ ኢንዳክሽን መብራት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን «ኤልኢዲ አታሎናል፣ መፍትሔው ኢንዳክሽን መብራት ነው» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጎንደር ላይ መጋዘን ያለው፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ሳይደርሰው አልቀረም። ጽሑፉ ከንዴት የተነሣ ነው፤ ንዴቱም የጸሐፊው ብቻ አይደለም። በዓመት ሦስት ጊዜ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል የቀየረ ሰው «እውነታቸውን ነው» ብሎ ለጓደኛው ቢልከው አይፈረድበትም። ጸሐፊው ሕመሙን በትክክል ነግረውናል። ያዘዙት መድኃኒት ግን የዚያ ሕመም አይደለም።

የተባለው ባጭሩ ይህ ነው። ኢንዳክሽን መብራት 100,000 ሰዓት ይሠራል፣ ኤልኢዲ ግን ዓመት ሳይሞላው ይቃጠላል። 120 ዋት ኢንዳክሽን 250 ዋት ሶዲየምን (ብጫውን የመንገድ መብራት) ይተካል፣ ዐይናችን ነጭ ብርሃንን አብልጦ ያያልና። ውስጡ ክር ስለሌለ የኃይል መዋዠቅ አይነካውም። አይርገበገብም። የኤልኢዲ ሰማያዊ ብርሃን ዐይን ይጎዳል፣ የኢንዳክሽን ግን እንደ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ከአስፋልቱ ምሰሶ እስከ ሳሎን ጣሪያ ድረስ ሁሉም ወደ ኢንዳክሽን ይዙር።

ስሙ እንዳያደናግር አንድ ነገር እናስቀድም። ኢንዳክሽን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ምድጃው ነው፤ መሠረታቸውም አንድ ነው። ምድጃው ላይ በጥቅልል ሽቦ ውስጥ የሚመላለሰው ፈጣን ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ድስቱን ያሞቃል። መብራቱ ላይ ያው መስክ በመስታወት ውስጥ የታሸገውን ጋዝና የሜርኩሪ ተን ይቀሰቅሳል። ሜርኩሪው ዐይን የማያየው፣ 254 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ይረጫል፤ የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ የለበሰው ነጭ ዱቄት ያንን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። እንግዲህ ኢንዳክሽን መብራት ማለት ጫፉ ላይ ክር የሌለው ፍሎረሰንት ነው። አዲስ ግኝትም አይደለም፤ ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ዮርክ ላይ ሽቦ ያልተያያዘባቸውን ቱቦዎች አብርቶ አሳይቷል። በገበያ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ፊሊፕስ ኪውኤል የተባለውን ካወጣ በኋላ ነው።

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ትልቅ አምፖል ክብ ሆኖ ጥቅልሉ መሐል ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ በሰከንድ 2.65 ሚሊዮን ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ሌላው ቀለበት ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠማዘዘ ወፍራም ቱቦ ነው፤ ሁለት የፌራይት (መግነጢስ የሚቀበል ሸክላ መሰል ነገር) መቆንጠጫዎች ወገቡን አቅፈውት ይታያሉ፤ የዚህኛው ድግግሞሽ 250,000 ገደማ ነው። ሁለቱም ግን ከግድግዳ የሚመጣውን 50 ድግግሞሽ ወደዚያ ከፍታ የሚያወጣ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የግድ ያስፈልጋቸዋል። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ ሳጥን አንድም ቃል የለም፤ ክርክራችን ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንሂድ። የመስታወቱ ዕድሜ ረጅም መሆኑ እውነት ነው። የተለመደው ፍሎረሰንት የሚሞተው ክሩ ላይ የተቀባው ነገር በተበራ ቁጥር እየተነነ ሲያልቅ ነው፤ ጫፉ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ክር ከሌለ ይህ ሞት የለም። ሆኖም መስታወቱ አይሞትም ማለት አይደክምም ማለት አይደለም። ዱቄቱ እየደከመ ሲሄድ ጥሩ የሚባለው ኢንዳክሽን እንኳ 60,000 ሰዓት ገደማ ላይ ከብርሃኑ 30 በመቶውን አጥቶ ይገኛል። ይበራል፣ ግን ይጨልማል።

አሁን ሳጥኑን ክፈቱት። መግቢያው ላይ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚመልሱ ዳዮዶች አሉ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሲሊንደር የመሰለ ካፓሲተር፣ ከዚያ መስኩን የሚነዱ ትራንዚስተሮች። የዚያ ካፓሲተር ውስጡ እርጥብ ነው፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ቀስ እያለ ይደርቃል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በ105 ዲግሪ 5,000 ሰዓት የተባለለት ካፓሲተር በ75 ዲግሪ ወደ 40,000 ሰዓት ይሠራል፤ በ85 ዲግሪ ግን 20,000 ብቻ። በቀን 12 ሰዓት ለሚበራ መብራት የመጀመሪያው ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ሁለተኛው አራት ዓመት ተኩል። 100,000 ሰዓት የሚለው ቁጥር በዚሁ ስሌት ወደ 23 ዓመት ይመጣል። እስቲ ሻጩን የስንት ዓመት ዋስትና በጽሑፍ እንደሚሰጥ ጠይቁት። አምስት ካለ፣ ለራሱ ቃል ምን ያህል እንደሚተማመን ነገራችሁ ማለት ነው።

ጎንደር ደጋ ናት፣ ሙቀት ምን ያሳስባል የሚል ይኖራል። ከተማው 2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። የአየሩ ቅዝቃዜ ጉዳቱን ቢያካክስም በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ሳጥን ግን ደጋውን አያውቀውም።

ይህ ሁሉ የኤልኢዲው ሳጥን፣ ድራይቨር የሚባለው፣ ችግርም ነው፣ አዎ። ልዩነቱ የሚመጣው ሳጥኑ በሞተ ማግስት ነው። የኢንዳክሽን ሳጥንና መስታወት እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው፤ ድግግሞሹም ኃይሉም የሚስማማው ከራሱ አምራች፣ ከራሱ ሞዴል ጋር ብቻ ነው። በክቡ ዓይነት ላይማ ከሳጥኑ ወደ ጥቅልሉ የሚሄደው ገመድ ርዝመት ራሱ የተለካ ነው፤ ቆርጦ መቀጠል ሥራውን ያዛባዋል። ፊሊፕስና ኦስራም ይህን መብራት ትተውታል። ስለዚህ ዛሬ 150 ዋት ሳጥን ቢቃጠል ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ቢያስሱ ተለዋጭ አይገኝም፤ ጤነኛው መስታወት ከነቀሪ 15 ዓመት ዕድሜው ይጣላል። የኤልኢዲ ድራይቨር ሲሞት ግን ሁለት ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ለምሳሌ 50 ዋት ፓውዛ ላይ ያለው ቺፕ ከ30 እስከ 36 ቮልት፣ 1,500 ሚሊአምፔር የሚል ከሆነ፣ ውጤቱ 1,500 ሚሊአምፔር፣ የቮልት ክልሉ 30 እና 36ን የሚያቅፍ ማንኛውም ድራይቨር ይነዳዋል። ከየትም አገር ይምጣ፣ ማንም ይሥራው።

«ኤልኢዲ ዓመት አይሞላም» ለሚለው ግን ጸሐፊውን አልቃወምም፤ የሚሸጠው ብዙው ርካሽ አምፖል እንደዚያ ነው። የምቃወመው ንጽጽሩን ነው። ከኢንዳክሽን ወገን ምርጡን፣ ከኤልኢዲ ወገን ደግሞ ሱቅ በር ላይ በካርቶን የተቆለለውን አሰልፈው ነው ያወዳደሩት። ርካሹ አምፖል ለምን እንደሚሞት ቢታወቅ ጥሩ ነው። ውስጡ አሉሚኒየም ሳህን ላይ አሥር ወይም ሃያ ቺፖች በተርታ ተያይዘዋል፤ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋል። ክዳኑን ቢያነሡት መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት አንዷ ቺፕ ትታያለች። የተቃጠለችው ደግሞ ከአቅሟ በላይ ኤሌክትሪክ ስለተላከባት ነው፦ አምራቹ ሃያ ቺፕ የሚያስፈልገውን ብርሃን በአሥር ቺፕ ለማውጣት ይገፋቸዋል። በዚያ ላይ ዝግ የመስታወት ጉልላት ውስጥ ከተሰካ ራሱን ይጠብሳል።

አንዳንድ ጠጋኝ የሞተችውን ቺፕ በቆርቆሮ ብየዳ ያልፋታል። አምፖሉ ይበራል፤ ከሳምንታት በኋላ ቀጣይዋ ትሞታለች፣ ግፊቱ አልቀነሰማ። የተሻለው ዘዴ ግፊቱን መቀነስ ነው። ብዙዎቹ አምፖሎች ኤሌክትሪኩን የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን አሏቸው፤ አንዱ ሲነሣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሁለቱ እኩል ከሆኑም በግማሽ። ብርሃኑ በዚያው ልክ አይወርድም፣ ሙቀቱ ግን በጣም ይቀንሳል፤ አምፖሉም ዓመታት ይሠራል። ይህን የሚሞክረው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሳህኑ ከ220 ቮልቱ ያልተለየ ነው፣ ካፓሲተሩም ከተነቀለ በኋላ ይመታል።

የአምፖሉን ዋት ማመን ካቃተ ቆጣሪው ዳኛ ነው። ቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ከጎኗ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትል ተጽፏል። 1,600 ነው እንበል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ፣ ፍሪጁንም ጭምር፤ «12 ዋት» የተጻፈባቸውን አምስት አምፖሎች ብቻ አብሩ። እውነት 60 ዋት ከሆኑ ከብልጭታ እስከ ብልጭታ 37 ሰከንድ ተኩል ነው የሚፈጀው። 62 ሰከንድ ከሆነ አምስቱ አንድ ላይ 36 ዋት ናቸው፤ 12 ብለው የሸጡላችሁ ሰባት ነው። ኢንዳክሽንም ሶዲየምም በዚሁ መንገድ ይለካል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ 120 ዋቱ 250ውን ይተካል የሚለው፣ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፤ ከሻጮች ማስታወቂያ በቀጥታ የተወሰደ ስሌት ነውና። 120 ዋት ኢንዳክሽን በዋት 80 ሉመን (ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን መለኪያ ነው) ቢሰጥ 9,600 ሉመን ነው። 250 ዋት ሶዲየም 28,000 ገደማ ይሰጣል። እንዴት እኩል ሆኑ? የኢንዳክሽኑን በ1.6 ያባዙታል፣ የሶዲየሙን በ0.6 ያባዙታል፤ 15,360 ከ16,800 ጋር ተቀራረበ። ማባዣው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በጨለማ ውስጥ ዐይናችን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያዘነብላል፣ የሶዲየም ብጫ ደግሞ እዚያ ደካማ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በእርግጥ ጨለማ ሲሆን ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ስሌት መሠረት ማስተካከያው የሚገባው ዐይን የሚያየው ገጽ ድምቀት በካሬ ሜትር ከ5 ካንዴላ በታች ሲሆን ብቻ ነው። 100 ሉክስ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 100 ሉመን፣ የሚያርፍበት ግራጫ የሲሚንቶ ወለል ከ6 እስከ 9 ካንዴላ ይሰጣል። መጋዘን ውስጥ ማባዣው አይገባም፣ ሉመን ሉመን ነው። መንገድ ላይ ይገባል፤ እዚያም ቢሆን ልዩነቱ በመቶ ውስጥ አሥር፣ ሃያ የሚባል እንጂ እጥፍ የሚሆን አይደለም። ከሁሉም በላይ ያው ማባዣ ለነጭ ኤልኢዲም እኩል ይሠራል፤ ጸሐፊው ለአንዱ ብቻ ሰጥተው ሌላውን ነፈጉት።

በእውነተኛ ቤት እንየው። 20 በ12 ሜትር የሆነ የሰሊጥ መጋዘን፣ ስድስት መብራት። ከመብራቱ የሚወጣው ሁሉ ወለል አይደርስም፤ ለኢንዳክሽን 0.55፣ ለሶዲየም 0.6፣ ወደ ታች ብቻ ለሚያበራው ኤልኢዲ 0.75 እንውሰድ። ለአቧራና ለእርጅና ደግሞ በዚሁ ቅደም ተከተል 0.7፣ 0.75 እና 0.8። ስድስቱ ሶዲየም ወለሉ ላይ ወደ 315 ሉክስ ያወርዳሉ። ስድስት 120 ዋት ኢንዳክሽን 92። በዋት 130 ሉመን የሚሰጥ ስድስት 100 ዋት ኤልኢዲ 195። በዓመት 3,000 ሰዓት ቢበሩ ሶዲየሙ፣ ኤሌክትሪኩን የሚገድበው ባላስት የሚበላውን ጨምሮ፣ 5,040 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ኢንዳክሽኑ 2,250፤ ኤልኢዲው 1,800። ኢንዳክሽኑን ከኤልኢዲው ብርሃን ጋር ለማስተካከል 13 መብራት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ 4,875 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቁጠባው የት ሄደ?

ታዲያ ሶዲየሙን አውርደው ኢንዳክሽን የሰቀሉ ሰዎች ለምን ተደሰቱ? መልሱ ብዙ ጊዜ መጋዘኑ ከመጀመሪያውም ከሚገባው በላይ መብራቱ ነው። ጆንያ ለመደርደር 100 ሉክስ ይበቃል፤ 315 የነበረው 92 ሲሆን ማንም አልተሰናከለም። ነጭ ብርሃን መሆኑም ረድቷል፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በሶዲየም ሥር ነጩ ሰሊጥ ከቀዩ አይለይም፣ ሁሉም ያው ብጫ ነው። ነገር ግን ሰሊጥ የሚበጠርበትና የሚለቀምበት ጥግ 300 ሉክስ ይፈልጋል። እዚያ ያለችው ሴትዮ 92 ሉክስ ላይ ጠጠር ስትፈልግ ብትውል የሚጎዳው ዐይኗም ጥራቱም ነው።

«መዋዠቅ አይነካውም» የሚለው ደግሞ ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት ነው። መስታወቱን አይነካውም፤ ሳጥኑን ይነካዋል። 220 ቮልት ዳዮዶቹን አልፎ ካፓሲተሩ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ነው። ምሰሶ ላይ ኒውትራሉ (የጋራው መመለሻ ሽቦ) ሲላላ፣ ክረምት በነፋስና በዝናብ የሚያጋጥም ነው፣ የአንዱ ቤት ወርዶ የሌላው እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔ ካፓሲተሩ ላይ ከ530 በላይ ይሆናል። የሚችለው 450 ከሆነ ይፈነዳል፤ ሳጥኑ የኢንዳክሽን ይሁን የኤልኢዲ ለይቶ አያውቅም። ምሽት ላይ ቮልቴጁ ሲወርድም ለ220 ብቻ የተሠራ ሳጥን ይቸገራል። በዚህ ረገድ ከ100 እስከ 277 ቮልት የተጻፈበት ጥሩ የኤልኢዲ ድራይቨር ይሻላል።

መከላከያው ከመብራቱ ውጭ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው ቮልቴጅ ጠባቂ ዓይነት፣ ግን ለመጋዘኑ ጠቅላላ አምፔር የሚበቃ፣ ታች 180፣ ላይ 250 ላይ ተሞልቶ፣ መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚዘገይ ቢሆን አብዛኛውን አደጋ ይቆርጣል። ለመብረቅ ግን ይህ አይደርስም፤ ቦርዱ ላይ ሰርጅ መከላከያ ያስፈልጋል። ሰርጅ መከላከያ ያለ ግራውንድ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ከተተከለ ዘንግ ጋር ካልተያያዘ፣ ጌጥ ነው። ጎንደር ላይ ብዙ ቦታ ጥቂት ሲቆፈር ጥቁር ድንጋይ ይገኛልና ዘንጉ ግማሽ ድረስ ገብቶ ሲቀር «በቃ» ይባላል፤ አይበቃም። ሁለተኛ ዘንግ ከአንድ ዘንግ ርዝመት ባላነሰ ርቀት ላይ ተክሎ ማያያዝ፣ በጋ ላይም መሬቱን ማርጠብ ነው።

እዚህ ላይ ለኢንዳክሽን የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሶዲየም እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል፣ እስኪደምቅ ደግሞ ሌላ ደቂቃዎች፤ ሜታል ሃላይድ የተባለው ነጭ መብራትማ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ጨለማ ውስጥ ሊያቆይ ይችላል። ኢንዳክሽን ወዲያው ይነሣል፣ በደቂቃ ገደማ ውስጥም ሙሉ ይሆናል። በሌሊት ማሽን ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤልኢዲም ወዲያው ነው።

አይርገበገብም የሚለው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ይህን ነጥብ እንዲያውም ጸሐፊው ቸኩለው አልፈውታል። አደጋው የዐይን ድካም ብቻ ይመስል። ወፍጮ ቤት ግቡ። በባላስትና በስታርተር የሚሠራ ፍሎረሰንት፣ ወይም ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ኤልኢዲ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሞተሩ በደቂቃ 1,440 ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም በሰከንድ 24። ፑሊው አራት እግር ካለው በሰከንድ 96 እግር ያልፋል። መቶ ብልጭታ፣ ዘጠና ስድስት እግር፦ ዐይን የሚያየው ፑሊው በሰከንድ አንድ ዙር ብቻ፣ ያውም ወደ ኋላ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ችንጋውን በእጁ ሊያስተካክል የሚዘረጋ ልጅ ሞተሩ ሊቆም ያለ መስሎት ነው። ኢንዳክሽን ይህን አያደርግም። ጥሩ ድራይቨር ያለው ኤልኢዲም አያደርግም፤ ሲገዙ ስልኩን በዝግታ መቅረጫ ላይ አድርጎ አምፖሉን መቅረጽ ነው። ምስሉ ላይ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ካለ ለወፍጮ ቤት አይሆንም።

የሰማያዊው ብርሃን ክርክር ረጅም መልስ አይፈልግም። ሰማያዊነቱን የሚወስነው በኬልቪን የሚለካው የቀለም ሙቀቱ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ)፣ የመብራቱ ዘር አይደለም። 5,000 ወይም 6,500 ኬልቪን የሆነ ኢንዳክሽን ሰማያዊ ሞልቶታል፤ የሜርኩሪው ተን ራሱ 436 ናኖሜትር ላይ ጠንካራ ሰማያዊ መስመር አለው። ሰማያዊ የሚፈራ ሰው 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚል ይግዛ፣ የፈለገውን ዓይነት። «እንደ ፀሐይ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ሳይቋረጥ ሁሉንም ቀለም ይይዛል፣ የፍሎረሰንት ዱቄት ብርሃን ግን ጥቂት ጫፎች አሉት፣ መሐሉ ሸለቆ ነው።

የቀረው ከምሰሶ እስከ ሳሎን ሁሉም ይዙር የሚለው ነው። ለሳሎን የሚሆን ትንሽ ኢንዳክሽን ፍለጋ መውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለመንገድ ደግሞ ችግሩ ቅርጹ ነው። እንደ እንጀራ ምጣድ የሰፋ የሚያበራ ቀለበት ብርሃኑን ጠበብ አድርጎ አስፋልቱ ላይ መላክ አይችልም፤ ግማሹ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ይፈስሳል። የኤልኢዲ ቺፕ የስንዴ ቅንጣት ታክላለች፣ በላይዋ ሌንስ ይደረግባታል። ፋሲል ግቢን የመሰለ ግንብ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ቡናማውን የድንጋይ ግድግዳ ከሥር ወደ ላይ የሚያጥብ ጠባብ ጨረር ከቀለበት አይወጣም። ኢኳተርን ብዙ ያልራቀች ከተማ ስለሆነችም ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ምሰሶ በዓመት 4,300 ሰዓት ያህል ይበራልና የባከነው ግማሽ ትንሽ አይደለም።

ሜርኩሪውም አለ። ጽሑፉ «ከመርዝ የጸዳ» ብሎታል፤ አይደለም። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ብረት ጋር ተዋህዶ ደርቆ ስለሚቀመጥ እንደ ፈሳሹ አይበተንም፤ ይህ ልክ ነው። ቢሆንም ሲሰበር መስኮት ከፍቶ ሩብ ሰዓት ከክፍሉ መውጣት፣ በመጥረጊያ ሳይሆን በካርቶን ማፈስ፣ ቅሪቱን በፕላስተር ማንሣት ያስፈልጋል። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ረጃጅሞቹን ፍሎረሰንቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ለማስቀረት ተስማምተዋል፤ ዓለም ከሜርኩሪ መብራት እየወጣ ባለበት ሰዓት መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ኢንዳክሽን ቀድሞ የሰቀለ ሰው ግን ይህን አንብቦ አያውርደው። ሳጥኑ እስካለ ይሥራ፤ መስታወቱን በዓመት አንዴ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ብቻ አንዳንዴ ከአዲስ መብራት የበለጠ ሉክስ ይመልሳል። ሳጥኑ ሲሞት ብሬከሩን አውርዶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ በቴስተር ማረጋገጥ፣ ከዚያ የፌራይቶቹን ብሎን መፍታት ነው። ፌራይት እንደ ሸክላ ይሰበራል፣ በመዶሻ አይነካም። መስታወቱ ሙሉውን ወጥቶ በካርቶን ይቀመጥ። የመብራቱ ሽፋን ወፍራም አሉሚኒየም ከሆነ ከ30 እስከ 36 ቮልት፣ 3,000 ሚሊአምፔር የሆነ 100 ዋት ሞጁል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በስሱ ተቀብቶ በብሎን ይታሰርበታል፤ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀት ስለማይወስድ ሙሉ መብራት መግዛት ይሻላል። አብርቶ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ድራይቨሩ ላይ ቲሲ ተብሎ ነጥብ የታተመበት ቦታ ሙቀቱ ይለካ። ከተጻፈው ካለፈና ድራይቨሩ ማስተካከያ ብሎን ካለው፣ ከ3,000 ወደ 2,400 ሚሊአምፔር ማውረድ ነው፤ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ልብ አይለውም።